መርዙ ፍየሏን ለምን አልገደላትም? ስለ አንድ የቆየ የዘንዶ ኮሚክ

ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ ውስጥ፣ ኮሚክ የምትሠራ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አለች። የምትሠራው በካሬ ደብተር ላይ ነው፤ በሰማያዊና በቀይ እስክሪብቶ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደብተሯን አቅፋ በራችንን አንኳኳች። «ጋሼ፣ እርስዎ ሳይንስ ያስተምሩ የለ? ይቺን ያንብቡልኝና ስህተቷን ይንገሩኝ» አለችኝ።

አነበብኩላት። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሦስት ልጆች፣ ሁለት ሴትና አንድ ወንድ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ታክሲ ያጣሉ። በእግራቸው ሲመጡ ግንባታው ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ ጭራቆች ያጋጥሟቸዋል። አንደኛው ጭራቅ ከሲሚንቶ የተሠራ ሲሆን፣ ሌሊት ሌሊት እየዞረ የየብሎኩን ሮቶ ጠጥቶ ይጨርሳል። ጠዋት ውኃ የሚጠፋው ለዚህ ነው! የጭራቆቹ አለቃ ዘንዶ ነው፤ አቃቂ ወንዝ ሥር ተኝቷል፤ ሲነቃ እሳት ይተፋል። ልጆቹ አሥራ ሦስት ገጽ ሙሉ ይሸሻሉ። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ከሰማይ የብርሃን ሰይፍ ይወርዳል፤ ልጁ ሰይፉን ያነሳል፤ ዘንዶው ለሁለት ይሰነጠቃል፤ አለቀ።

ሮቶ የሚጠጣውን ጭራቅ በጣም ወድጄዋለሁ። ጎረቤት ሁሉ በየቀኑ የሚያማርረውን ነገር ወስዳ ፊትና ሆድ ሰጥታዋለች። ሰይፉ ግን አልተመቸኝም፤ አልደበቅኳትም። «እስከ አሥራ ሦስተኛው ገጽ ድረስ ያልነበረ ሰይፍ ከየት መጣ?» አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። «ካልመጣ በምን ይሞታል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልስ ከመስጠት ይልቅ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን ሸራ አወረድኩና መሬት ላይ ዘረጋሁላት። ዛሬ ልገመግምላችሁ የፈለግኩት እሱን ነው፤ በአገራችን ካሉት የዘንዶ ኮሚኮች ሁሉ የቆየውንና፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በአንድ ነገር ከሁሉም የሚበልጠውን፣ በሌላ ነገር ደግሞ ከባድ ጉድለት ያለበትን።

ቸርችል ጎዳና ላይ የስጦታ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ገብታችሁ ከሆነ አይታችሁታል። የጥጥ ጨርቅ ነው፤ በትንንሽ ሳጥኖች ተከፋፍሏል፤ በየሳጥኑ ሥዕል፣ ከሥዕሉ አጠገብ ደግሞ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አለ። የሳጥኖቹ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 44 ነው። የሚነበበው ልክ እንደ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። የንግሥት ማክዳና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ነው። የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ለውጭ አገር ሰዎች እየሣሉ መሸጥ ጀመሩ፤ ዛሬም ይሣላል። እስቲ ልብ በሉ፦ ሳጥኖች በተርታ፣ ሥዕልና ጽሑፍ አንድ ላይ፣ ተከታታይ ታሪክ። ይህ ኮሚክ ካልሆነ ታዲያ ኮሚክ ምንድን ነው? እኛ ግን «ባህላዊ ሥዕል» ብለን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል፤ ቁጭ ብሎ የሚያነበው የለም።

ብዙ ሰው የማክዳን ጉዞ ያውቃል። ታሪኩ የሚጀምረው ግን በማክዳ አይደለም፤ በዘንዶ ነው። የማክዳና የሰሎሞን ታሪክ ክብረ ነገሥት ውስጥ አለ፤ የዘንዶው ክፍል ደግሞ በአፈ ታሪክና በሌሎች የግዕዝ ጽሑፎች የመጣ ነው። ዘንዶው አርዌ ይባላል። ቃሉ በግዕዝ አውሬ ማለት ነው፤ እባብም «አርዌ ምድር» ይባላል። የአማርኛው «አውሬ» ራሱ የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ ሁለቱን ቃላት ደጋግማችሁ ጥሯቸው፣ ሁለት ድምፆች ቦታ መቀያየራቸውን ትሰሙታላችሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሳጥኖች አብረን እንያቸው። አርዌ ነግሧል፤ ሕዝቡ ይሰግድለታል። በየጊዜው ከብትና ፍየል ይቀርብለታል፤ ከዚያም የከፋ ነገር፣ ልጃገረድ ይቀርብለታል። አንጋቦ የሚባል ሰው ይመጣል፤ አንዳንዶች አጋቦስ ይሉታል። «ዘንዶውን ብገድልላችሁ ታነግሡኛላችሁ?» ይላል። ይስማማሉ። አንጋቦ ጦር አያነሳም፤ ለፍየል መርዝ ይሰጣል። ፍየሏ ለአርዌ ትቀርባለች። አርዌ ይውጣታል፤ ይሞታል። አንጋቦ ይነግሣል፤ ማክዳ የእሱ ልጅ ናት። ከዚያ ታሪኩ ወደ ኢየሩሳሌም ያመራል፤ የቀሩት ሳጥኖች ሁሉ የዚያ ጉዞ ናቸው።

መጀመሪያ የሚደነቀውን ልናገር። የዘንዶ ታሪክ የሚያምረው ዘንዶው ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ ዘንዶው ሕግ ሲኖረው ነው። ምን ይበላል? መቼ ይመጣል? ምን ማድረግ አይችልም? አርዌ አንድ ግልጽ ሕግ አለው፦ ያቀረቡለትን ይበላል፤ ሳያኝክ ይውጣል። ይህን የምናውቀው ከመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች ነው፤ መሣሪያውም የተሠራው ከዚያው ሕግ ነው። ፍየሏ ከሰማይ አልወረደችም። ለአርዌ ፍየል ሲቀርብለት ከርሟል። አንጋቦ አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ የነበረውን ነገር በሌላ ዓይን አየው። ጎረቤቴ ልጅ ያጣችው ይህንን ነው፤ መሣሪያው ታሪኩ ውስጥ ቀድሞ መኖር ነበረበት።

በየቤተ ክርስቲያኑ ከምናየው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ጋር አስተያዩት። እዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ሥዕል ይታያል፦ ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ከእግር በታች የወደቀ ደራጎን፣ ዛፍ ላይ ያለችው ብሩታዊት። ሥዕሉ የሚናገረው ስለ እምነትና ስለ ጀግንነት ነው፤ ለዚያ አንድ ሥዕል ይበቃዋል። የአርዌ ታሪክ ግን ስለ ዘዴ ነው፤ ዘዴ ደግሞ በአንድ ሥዕል አይታይም። መጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ ከዚያ በኋላ የሚባል ነገር ይፈልጋል። ለዚህ ነው ኮሚክ የሚሆነው።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንምጣ፤ አርዌን እንለካው። በአንድ የግዕዝ ጽሑፍ የአርዌ ርዝመት 170 ክንድ ነው ይባላል። አንድ ክንድ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ብንል 76.5 ሜትር ይሆናል። ዛሬ በምድር ላይ ካሉት እንስሳት ሁሉ ትልቁ ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ነው፤ እሱ እንኳን 30 ሜትር ገደማ ነው። በአገራችንም የሚገኘው የአፍሪካ ዘንዶ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ከሞቱትም ብንፈልግ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ከአንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫ የተገኘው ቲታኖቦአ የተባለው እባብ 13 ሜትር ገደማ እንደነበር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቀዋል፤ እሱም የኖረው ከ58 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነ ዘመን ነው።

76 ሜትር የሆነ እባብ መኖር ይችላል? ደብተር አውጡ። 5 ሜትር የሆነ ዘንዶ 50 ኪሎ ይመዝናል እንበል። አርዌ ርዝመቱ ከእሱ 15.3 እጥፍ ነው። ቅርጹ ሳይለወጥ ካደገ ግን ክብደቱ 15.3 እጥፍ ብቻ አይጨምርም። አንድ ካሬ ሳጥን አስቡ፤ ጎኑን ሁለት እጥፍ ብታደርጉት በውስጡ ስምንት ትንንሽ ሳጥኖች ይገባሉ። ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ ሁሉም አብረው ስለሚያድጉ ነው። ስለዚህ 15.3ን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዙት፤ 3,580 ገደማ ይመጣል። በ50 ኪሎ ሲባዛ 179 ቶን! 30 ዝሆን በሉት። የአጥንትና የጡንቻ ጥንካሬ ደግሞ የሚያድገው እንደ ውፍረቱ ስፋት ነው፤ እሱ 234 እጥፍ ብቻ ነው። ክብደቱ 3,580 እጥፍ፣ ጥንካሬው 234 እጥፍ። ዓሣ ነባሪን ውኃ ይሸከምለታል፤ አርዌን ግን አክሱም ሜዳ ላይ ማን ይሸከምለታል? በራሱ ክብደት ተጨፍልቆ ከቦታው መነሳት ያቅተዋል።

አንድ ሌላም ነገር አለ። እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከውጭ ስለሆነ ምግብ አያባክንም። ትልቅ ዘንዶ ፍየል የሚያህል እንስሳ ከዋጠ ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት ሳይበላ ይቆያል። በየቀኑ ብሉኝ ብሉኝ የሚለው አርዌ ሆዱ የእባብ አይደለም፤ የግብር ሰብሳቢ ነው።

ይህን ሁሉ ያልኩት «ተረቱ ውሸት ነው» ለማለት አይደለም። ተረት መሆኑን ከእኔ በፊት ተራኪዎቹ ያውቁታል። 170 ክንድ የፍርሃቱ ልክ ነው። ሠዓሊዎቹም ችግሩን አውቀውታል፤ መዳፍ በሚያህል ሳጥን ውስጥ 76 ሜትር እንዴት ይገባል? እኔ ቤት ባለው ሸራ ላይ ሠዓሊው እባቡን ጠቅልሎ ጠቅልሎ ሳጥኑን በሙሉ ሞልቶበታል፤ ሰዎቹ ጥግ ላይ ተጣበው ቆመዋል። ቁጥር ሳይጠቅስ ያስፈራችኋል። ይህ ጥሩ ሠዓሊነት ነው።

ግን ጎረቤቴ ልጅ ሸራውን ስታይ የጠየቀችው ስለ ርዝመቱ አልነበረም። ጣቷን ፍየሏ ላይ አድርጋ «ጋሼ፣ መርዙ ፍየሏን ለምን አልገደላትም?» አለችኝ።

እውነቴን ነው፣ ሸራው ለዓመታት ግድግዳዬ ላይ ሲኖር ይህን ጠይቄ አላውቅም።

እስቲ አብረን እናስበው። መርዝን መርዝ የሚያደርገው መጠኑ ነው፤ ትልቅ ሰውነት ብዙ መርዝ ይፈልጋል። ፍየሏ 30 ኪሎ ብትሆን፣ አርዌ ደግሞ 179 ቶን ከሆነ፣ ልዩነታቸው 6,000 እጥፍ ገደማ ነው። ሁለቱ ለመርዙ እኩል ስስ ከሆኑ አርዌን የሚገድል መጠን ፍየሏን 6,000 ጊዜ ይገድላታል። ገና ከአንጋቦ እጅ ሳትወጣ ትወድቃለች! ስለዚህ ከሦስት አንዱ መሆን አለበት።

አንደኛ፣ መርዙ ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው፤ ፍየሏ ሳትወድቅ አርዌ ቀድሞ ውጧታል። ሁለተኛ፣ መርዙ ለፍየል የማይጎዳ፣ ለእባብ ግን የሚጎዳ ነው። ይህ ቅዠት አይደለም። ሉኪኒያ የሚባለውን የመኖ ዛፍ ታውቁት ይሆናል፤ ሚሞሲን የተባለ መርዝ አለው። አውስትራሊያ ውስጥ ከብቶችን ሲያሳምም፣ ሃዋይ ያሉ ፍየሎች ግን በልተውት ምንም አልሆኑም። ምክንያቱ ሲጠና ፍየሎቹ ጨጓራ ውስጥ መርዙን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች ተገኙ። ባክቴሪያዎቹ ወደ አውስትራሊያ ከብቶች ሲዛወሩ እነሱም ዛፉን መብላት ቻሉ። ሦስተኛ፣ ፍየሏ መርዙን አልበላችውም፤ መርዙ ተቋጥሮ ከእሷ ጋር ተደርጓል፣ ወይም ፍየሏ ቀድማ ታርዳለች። የእባብ የታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኝ በሚለጠጥ ጅማት እንጂ በአጥንት አልተያያዘም፤ ጥርሱም ለመያዝ እንጂ ለማኘክ አይደለም። ያገኘውን በሙሉ ይውጣል፤ ውስጡ ምን እንዳለ አይመረምርም።

ከሦስቱ የትኛው ነው? ሸራው አይናገርም። አንዳንድ ሠዓሊ መርዙ ሲዘጋጅ ያሳያል፤ አንጋቦ ግን ይህንን እንዴት እንዳወቀ የሚያሳይ ሳጥን የለም። «ዘንዶውን እገድላለሁ» ይላል፤ በሚቀጥለው ሳጥን ዘዴው ተዘጋጅቷል። በኮሚክ ውስጥ በሁለት ሳጥኖች መካከል ያለውን ክፍተት አንባቢው በሐሳቡ ይሞላዋል፤ የኮሚክ ጥበብ አንዱ ይኸው ነው። እዚህ ግን ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ነገር፣ ማሰቡ፣ እዚያ ክፍተት ውስጥ ወድቆ ጠፍቷል። የእኔ ትልቁ ነቀፌታ ይህ ነው።

«ታዲያ ምን አለበት? ተረት እኮ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ያለበት ይኸው፦ ማሰቡ ካልታየ የአንጋቦ ፍየልና የጎረቤቴ ልጅ ሰይፍ አንድ ይሆናሉ። ሁለቱም «ጀግናው መጣ፣ አደረገው» ናቸው። አንባቢው ልጅ ጀግና ማለት ከመጀመሪያው መልሱን የሚያውቅ ሰው ይመስለዋል። ከዚያ ክፍል ውስጥ ሆኖ መልሱ ወዲያው ካልመጣለት «እኔ ጎበዝ አይደለሁም» ይላል። ይህን የሚሉ ብዙ ተማሪዎች በየዓመቱ አገኛለሁ። ሞኝ አይደሉም፤ የማሰቡን ሳጥን ማንም አላሳያቸውም።

ሳጥኑ ሲሞላ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ጉዋም የምትባል የፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴት አለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቡናማ የዛፍ እባብ በጭነት ተደብቆ ገባባት። ወፎቿ እንዲህ ያለ ጠላት አያውቁም ነበር፤ ከ12ቱ የደሴቲቱ የደን ወፍ ዝርያዎች 10ሩ ከዚያ ጠፉ። እውነተኛ አርዌ በሉት፤ ብቻ ግዙፍ ሳይሆን ብዙ ነው። ሳይንቲስቶቹ ምን አደረጉ? መጀመሪያ አጠኑት። አብዛኛው እባብ የሞተ እንስሳ አይበላም፤ ይኼኛው ግን ይበላል። ይህ የመጀመሪያው ሳጥን ነው። ቀጥሎ የተለያዩ ኬሚካሎችን ሞከሩ፤ 80 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል እንደሚገድለው አገኙ። በደሙ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ሥራ ያስፈታዋል። አዎ፣ ያው ራስ ምታት ሲይዘን የምንውጠው ፓራሲታሞል! አንድ የተለመደ ኪኒን 500 ሚሊ ግራም ነው፤ ለእባቡ የአንዱ ኪኒን አንድ አምስተኛ እንኳን አያስፈልግም። ሦስተኛው ሳጥን፦ ሌላው እንስሳ እንዳይጎዳስ? እባቡ ዛፍ ላይ ስለሚኖር፣ መድኃኒቱ የተደረገባቸውን የሞቱ የአይጥ ግልገሎች ዛፍ ላይ እንዲንጠለጠሉ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2013 ከሄሊኮፕተር ጣሉ።

የአንጋቦ ፍየል ማለት ይህ ነው፤ ዘዴው አንድ ነው። ልዩነቱ እዚህ መሐል ያሉት ሳጥኖች በሙሉ መሣላቸው ነው፦ አዩ፣ ጠየቁ፣ ሞከሩ፣ ለሌላው አሰቡ። እኛ ቂሊንጦ ያለን ሰዎች ይህ ሊገባን ይገባል፤ የኢንዱስትሪ ፓርካችን የመድኃኒት ፋብሪካዎች የሚሰባሰቡበት ነው። መድኃኒትና መርዝን የሚለያቸው ብዙ ጊዜ ሚሊ ግራም ነው። (ይህን አንብባችሁ እቤት ያለ ኪኒን እንዳትነኩ። ፓራሲታሞል ከልክ ሲያልፍ የሰውንም ጉበት ያበላሻል።)

ጉዋም ሩቅ ነው ካላችሁ ወደ አርዌ አገር እንመለስ። ከአክሱም ብዙ ሳይርቅ አድዋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ተመራማሪ አድዋ ውስጥ አንድ ወንዝ ዳር ነበሩ። ጠላታቸው ቢልሃርዚያ ነበር፤ በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ቀንድ አውጣው ከሌለ በሽታው መንገድ ያጣል። ዶክተር አክሊሉ አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። እንዶድ እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ ያጠቡበት ተክል ነው። ያንን ወንዝ ስንቱ ተሻግሮታል፤ እሳቸው ግን ቆመው «ለምን?» አሉ። ሕይወት ባላቸው ቀንድ አውጣዎች ላይ የእንዶዱን አረፋ ሞከሩት፤ ሞቱ። ከዚያ የዓመታት የላቦራቶሪ ሥራ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ፍየሏ ሁልጊዜ እዚያ እንደነበረች ሁሉ እንዶዱም ሁልጊዜ እዚያ ነበር። እንግዲህ ከሸራው የጎደለው ሳጥን ምን እንደሚመስል አያችሁ፤ አንድ ሰው ወንዝ ዳር ቆሞ የሞተ ቀንድ አውጣ ይቆጥራል። ጦር የለም፣ ብርሃን የለም። ለመሣል ከባድ ነው፤ ግን ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታዬ አጭር ነው፤ እሱንም ያመጣችው ጎረቤቴ ልጅ ናት። ለአርዌ የምትቀርበውን ልጅ አየችና «ስሟ ማን ነው?» አለች። የላትም። ብሩታዊት እንኳን ስም አላት፤ የአርዌ ልጆች ግን ከፍየሎቹ ጋር ተቆጥረው የቀረቡ ናቸው። በትግራይ የሚነገር ሌላ ትረካ አለ፦ ዛፍ ላይ የታሰረችው ልጅ ራሷ በኋላ ንግሥት የምትሆነው ናት። ዘንዶውን ቅዱሳን ሲገድሉት ደሙ ተረከዟ ላይ ይንጠባጠባል፤ እግሯ የአህያ ሰኮና ይመስላል። ለእኔ ይኼኛው የተሻለ ታሪክ ነው። ዘንዶውን በቅርብ ያየችው እሷ ናት፤ ምልክቱም ቀርቶባታል። ዘንዶውን ማን አጥንቶት ሊሆን ይችላል ብትሉኝ፣ ለመበላት ተራዋን ስትጠብቅ የኖረችው ልጅ ከመንገደኛው አንጋቦ ይልቅ የምታውቀው ነገር ይኖራል እላለሁ።

ከሸራው በኋላ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ዛሬ የራሳችን ኮሚኮች አሉን። ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ጀምበር» በአማርኛም በእንግሊዝኛም ታትሟል፤ ጀግናውም የአዲስ አበባ ልጅ ነው። መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የዘንዶ ኮሚክ ግን የውጭ ዘንዶ ቅጂ እንዲሆን አልመኝም፤ ከጎኑ «ሁሉን የሚያውቅ ጀግና» እንዲቆምም አልፈልግም። ሸራው ላይ ያለውን ፍየል ይዞ የጎደለውን ሳጥን የሚሞላ ይሁን።

ስለዚህ ሥራ ልስጣችሁ። ሸራውን ስታገኙ ቁሙና አንብቡት፤ ሱቅ ውስጥም ይሁን ዘመድ ቤት። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ አራት ሳጥን ሥሩ፤ አንጋቦ ከመጣበት ቀን አንስቶ ፍየሏ እስከምትቀርብበት ቀን ድረስ ያለውን ሙሉበት። ማን አየ? ምን አየ? ምን ሞክሮ አልሠራለትም? መርዙ ፍየሏን ለምን አልገደላትም? የማይሠራ ሙከራ ያለበትን ሳጥን አትዝለሉት፤ ከአራቱ እሱን ለማየት ነው የምጓጓው። እውነተኛ እባብ ካጋጠማችሁ ግን አትቅረቡት፣ በድንጋይም አታሳዱት፤ ለትልቅ ሰው ንገሩ። ብዙዎቹ እባቦች ከእኛ ይልቅ አይጥ ነው የሚፈልጉት።

ጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደብተሯን ይዛ ተመልሳ መጣች። አሥራ አራተኛው ገጽ ተቀዷል። በቦታው ሦስቱ ልጆች የብሎኩ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሌሊት ነው፤ ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ደብተር ይዛለች። የሲሚንቶው ጭራቅ ከታች ሮቶ እየጠጣ ነው። በሚቀጥለው ሳጥን ሌላ ሌሊት ነው፤ ያው ደረጃ፣ ያው ደብተር። በሦስተኛው ላይ ልጅቷ «ዝናብ የዘነበ ቀን አይመጣም» ብላ ጽፋለች። አራተኛው ሳጥን ባዶ ነው።

«ዘንዶውስ?» አልኳት።

«ገና ነው ጋሼ» አለች። «መጀመሪያ እያዩት ነው።»